ሰትር እና የመንግሥት ምስጢር



ከደርስ በኋላ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁናል፦ «ዲናችን ነውርን ሸፍኑ ይላል። ታዲያ መንግሥት ምስጢሩን ቢደብቅ ምን ክፋት አለው?»

መልሱን በአንድ የሀገራችን ልጅ ታሪክ እንየው።

ቢንያም ሙሐመድ ኢትዮጵያ ተወልዶ በወጣትነቱ እንግሊዝ ሀገር ገባ፤ እዚያም ሰለመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፓኪስታን ውስጥ ተያዘ። የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ሰው እዚያው እስር ላይ እያለ ጠይቆታል። ከዚያ ወደ ሞሮኮ ተወስዶ ከባድ ስቃይ እንደደረሰበት ተናግሯል። በመጨረሻ ጓንታናሞ ገባ፤ ክሱ ተነስቶለት በ2009 ተለቀቀ።

ፍርድ ቤት ስለ ጉዳዩ ሲጽፍ የእንግሊዝ መንግሥት 7 አንቀጾች እንዳይወጡ ተከራከረ፤ አሜሪካ መረጃ ማካፈል ታቆማለች ብሎ። በየካቲት 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እንዲወጡ አዘዘ። ሲነበቡ የሰላይ ስም የለባቸውም። ያለው፣ ቢንያም በአሜሪካኖች እጅ ሳለ እንቅልፍ እንደተነፈገና እንደተዛተበት፣ እንግሊዞቹም ይህ እንደተነገራቸው ነው።

ፓርላማውስ? ስለላን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ነበረው። ኮሚቴው በ2007 ሪፖርት አወጣ፤ ሰነዱ ሁሉ እንዳልቀረበለት ግን ኋላ ታወቀ። በ2013 ሥልጣኑ በሕግ ተጠናከረ። ሆኖም በ2018፣ ወደ 40 ሺህ ሰነድ ካየ በኋላ፣ በቦታው የነበሩትን የስለላ ሠራተኞች እንዲጠይቅ ስላልተፈቀደለት ምርመራውን ሳይጨርስ አቆመ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰትር አንድ ሰው በራሱና በጌታው መካከል ያለበትን ጥፋት መሸፈን ነው። ዙልም ግን የተበዳይ ሐቅ አለበት። ሱረቱል በቀራም ምስክርነትን መደበቅ የልብ ወንጀል መሆኑን ታስተምረናለች።

እኛ በመስጂዳችን የዘካ ተቀባዮችን ስም በድምፅ ማጉያ አንጠራም፤ ክብራቸውን እንጠብቃለን። የመስጂዱ ኮሚቴ ግን መዝገቡን ገልጦ ያያል፣ ገንዘቡን ይቆጥራል። ገንዘብ ያዡ «ምስጢር ነው» ብሎ መዝገቡን ከኮሚቴው ቢደብቅ ማናችን ዝም እንላለን? ምስጢር ከአደባባይ ሊጠበቅ ይችላል፤ ከተቆጣጣሪ ሲደበቅ ግን አማናው ፈርሷል።

ነገ ከእናንተ መካከል የቢሮ ቁልፍና ማኅተም የሚይዝ አለ። ያኔ «ይህን የምደብቀው ማንን ለመጠበቅ ነው? ሰዎችን ወይስ ራሴን?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ አማናን ከሚወጡ፣ ለመዝሉም ከሚመሰክሩ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።