አራት መቶ ደብዳቤ ያጠፋሁበት ምሽት

አንባቢ ሆይ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ ወይም ነገ ለመሆን የምትማር ተማሪ ከሆንህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት የሠራኸውን ዛሬም፣ ዛሬ የሠራኸውን ነገም ምንም ሳትለውጥ ስትደጋግመው ስንት ሰዓት አለፈብህ? እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ጧት ጧት የምሠራው ይህንኑ ነበር። ባለጉዳዮች ያመጡትን ማመልከቻ በስካነር አነሣለሁ፤ መሣሪያውም «ስካን 1»፣ «ስካን 2» እያለ በተርታ ስም ይሰጠዋል፤ እኔ ደግሞ አንድ በአንድ እየከፈትሁ ስሙን በመዝገብ ቍጥሩ እለውጣለሁ። ስድሳ ማመልከቻ በመጣ ቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ቀና ሳልል እውል ነበር፤ ባለጉዳዩም በመስኮቱ በኩል ቆሞ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን የኮሌጅ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህን ሥራዬን ቆሞ ተመለከተና ሣቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ይህን እኮ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራልሃል» አለኝ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ በቢሮአችን ጥግ አቧራ ለብሶ በተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስን ጫነልኝ። ከዚያም ሥዕል የሌለበት፣ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም የምትልበት ጥቍር መስኮት ከፈተና «ይህ ሼል ይባላል፤ የምትፈልገውን ጻፍለት» ብሎኝ ሄደ።

ሼል በእንግሊዝኛ ቅርፊት ማለት ነው። የኮምፒዩተሩን ውስጠኛ ክፍል እንደ ለውዝ ፍሬ ብንቈጥረው፣ ሼል ፍሬውን ከብቦ ከእኛ ጋራ የሚያገናኘው ቅርፊት ነው። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች የተሠራው ዩኒክስ ሲስፋፋ፣ ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ወጣ። ብራያን ፎክስ ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ባሽ የተባለውን ሼል ጽፎ በ1989 ዓ.ም. አወጣ። ቦርን የሚለው ስም በእንግሊዝኛ «የተወለደ» ከሚለው ቃል ጋራ በድምፅ አንድ ስለ ሆነ፣ ባሽ የሚለው አሕጽሮት «ዳግመኛ የተወለደ ሼል» የሚል ቀልድ አለበት። እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው መካከል ለቀልድ ጊዜ ማግኘታቸው እኔን ደስ ያሰኘኛል።

ስክሪፕት የሚባለው ሌላ ነገር አይደለም፤ በጥቍሩ መስኮት አንድ በአንድ የምትጽፋቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ላይ በተርታ መጻፍ ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሃሽ የሚባለውን ምልክትና ቃለ አጋኖ አስቀድመህ ባሽ የሚገኝበትን ቦታ ትጽፋለህ፤ ከዚያ ፋይሉ እንዲሠራ ፈቃድ ትሰጠዋለህ። እኔ የተማርሁት የመጀመሪያው ትእዛዝ ኤኮ ይባላል፤ የገደል ማሚቶ ማለት ነው፤ እንደ ስሙም የነገርኸውን መልሶ ይነግርሃል። ስሜን ጠይቆ «እንደምን አደርህ» የሚለኝን የአራት መስመር ስክሪፕት ጽፌ ሲመልስልኝ፣ አልዋሽህም፣ ብድግ ብዬ በክፍሉ ውስጥ ተንጐራደድሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የመዝገብ ቍጥሮቹን በአንድ ዝርዝር ላይ እየጻፍሁ፣ ስክሪፕቱ ዝርዝሩን መስመር በመስመር አንብቦ የእያንዳንዱን ማመልከቻ ስም እንዲለውጥ አደረግሁ። የአንድ ሰዓት ተኩሉ ሥራ ዝርዝሩን ለመጻፍ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ትዕቢቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ምሽት፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ የማይፈለጉ ፎልደሮችን የሚያጠፋ ስክሪፕት ጻፍሁ። ትእዛዙ ቀላል ነበር፤ ስማቸው «አሮጌ» ብሎ የሚጀምረውን ፎልደሮች አንድ በአንድ እያነሣህ ከነውስጣቸው አጥፋ የሚል ነው። እንዲህ ያለ ፎልደር አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙም «አሮጌ ደብዳቤዎች» ይባላል፤ ከጐኑ ደግሞ «ደብዳቤዎች» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። በዚህኛው ውስጥ የጡረታ ጉዳይ የያዙ 412 ማመልከቻዎች ነበሩ። ስክሪፕቱን አስነሣሁት። በመስኮቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ «አሮጌ የሚባል ፋይልም ሆነ ፎልደር የለም» ይላል። ግራ ገባኝና ዝርዝሩን አየሁ። «አሮጌ ደብዳቤዎች» በቦታው አለ። «ደብዳቤዎች» ግን የለም።

ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ የገባኝ ላቡ ከግንባሬ ከደረቀ በኋላ ነው። ለሼል በሁለት ቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ መለያ ነው። የፎልደሩን ስም የያዘውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስላላስገባሁት፣ «አሮጌ ደብዳቤዎች» የሚለውን አንድ ስም ሁለት ስም አድርጎ አነበበው፤ አንደኛ «አሮጌ»ን አጥፋ፣ ሁለተኛ «ደብዳቤዎች»ን አጥፋ። የመጀመሪያውን ፈልጎ አጣው፤ ሁለተኛውን አገኘውና ታዘዘ። በዚህ መንገድ የጠፋ ነገር ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ቈሻሻ መጣያው ውስጥ ሄዶ አይጠብቅህም። ሁለት ጭረት ምልክት በግራ፣ ሁለት በቀኝ ብጨምር ኖሮ በሰላም ራቴን እበላ ነበር።

የታሪኩን ፍጻሜ ሳልነግርህ፣ ከዚያ ወዲህ የለመድሁትን እዚሁ ላይ ላስገባ። የሚያጠፋ ወይም የሚያዘዋውር ትእዛዝ ስጽፍ፣ አስቀድሜ በፊቱ ኤኮን አኖርበታለሁ። ያን ጊዜ ስክሪፕቱ ሥራውን አይሠራም፤ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ብቻ በመስኮቱ ላይ ይጽፍልኛል። አንብቤው ልቤ ሲረጋ ኤኮን አነሣለሁ። በዚያ ምሽት ይህን አድርጌ ቢሆን «አሮጌ» እና «ደብዳቤዎች» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ተጽፈው ባየሁና በተጠራጠርሁ ነበር። ሁለተኛም፣ ፋይሎቹን ሁሉ በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ ስክሪፕት አለኝ። ክሮን የሚባለው አገልግሎት በተወሰነው ሰዓት ያስነሣዋል። በዚህም መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር፤ ሥራ ስንለቅ በአሥራ አንድ ሰዓት እንዲነሣ ብዬ 11 ጻፍሁበት። እሱ ግን የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ በመስኮቱ በተጨናነቀበት ጊዜ ተነሥቶ ያን አሮጌ ኮምፒዩተር እንደ ደከመ በቅሎ አስቆመው። የእኛ የማታው 11 ሰዓት በእርሱ ዘንድ 17 ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በማግሥቱ ጧት ከአለቃዬ በፊት ወደ መዝገብ ቤቱ ሹም ሄድሁ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። የሆነውን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ወረቀቱስ?» አሉኝ።

«ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውማ የጠፋው ድካምህ ነው። እጅጌህን ሰብስብ።»

አለቃዬ የተናገሩኝን እዚህ ላይ አልደግመውም፤ የሚገባኝ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ከየመደርደሪያው እያወረዱ፣ እኔ እያነሣሁ አራት ምሽት ሠራን። በመጨረሻ 409 ማመልከቻ ተገኘ፤ ሦስት ጐደለ። ከሦስቱ አንዱ የአንዲት ወይዘሮ ነበር፤ ስማቸውን ለምሳሌ ሠናይት እንበል። በኮምፒዩተር በተጻፈው የመዝገብ ዝርዝር ውስጥ ግሬፕ በሚባለው ትእዛዝ ስፈልግ ስማቸው የለም። ጋሼ በትከሻዬ ላይ ጐንበስ ብለው አዩና «በእሳቱ ሰ ፈልግ፤ አንተ የጻፍኸው በንጉሡ ሠ ነው» አሉኝ። ወዲያው ወጣ። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ፊደሎች ለመሣሪያው ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። ዛሬ የፍለጋ ስክሪፕቴ ዋናውን ዝርዝር ሳይነካ፣ በግልባጩ ላይና በምፈልገው ስም ላይ ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሁሉንም ከነርባታቸው ለውጦ ከዚያ በኋላ ይፈልጋል። ሴድ በሚባለው ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ከጻፍኋቸው ሁሉ የምወደው እርሱን ነው።

የቀሩት ሁለቱ ማመልከቻዎች ከተነሡ በኋላ ዋናው ወረቀት ለባለቤቶቹ ተመልሶ ነበርና በስልክ መለመን ግድ ሆነ። አንደኛው ባለጉዳይ በዚያው በከተማው ስለ ነበሩ ወዲያው አመጡት። ሁለተኛው ሽማግሌ ግን ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ መጡ፤ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ነበር። ወንበር ሰጠኋቸውና ምክንያት ሳልፈጥር እውነቱን ነገርኋቸው፤ እኔ እንዳጠፋሁት፣ ወንበዴም እሳትም እንዳልነካው፣ አንድ ምልክት ሳልጽፍ በመቅረቴ እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። ምልክቱ ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በወረቀት ላይ ሣልሁላቸው፤ ሁለት ጭረት በግራ፣ ሁለት በቀኝ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይህቺ ናት ከደብረ ብርሃን ያስመጣችኝ?» አሉ።

«አዎን አባቴ፣ ይህቺው ናት።»

ደብዳቤውን አነሣሁትና መለስሁላቸው። አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከመለሱት በኋላ ግን ከወንበሩ አልተነሡም። «አሁን ደግሞ መቀበልህን በእጅህ ጻፍልኝ» አሉኝ። እስክሪፕቶ አውጥቼ ቀኑንና የመዝገብ ቍጥሩን ጻፍሁላቸው፤ ፈረምሁበት፤ ጋሼም ማኅተም አደረጉበት። ሽማግሌውም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡትና፣ በዚያው ፌስታል ውስጥ ከተቱት።