«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሚኒሶታ ላይ

ባለፈው ጥቅምት፣ የወፍ አደን በተከፈተ ሰሞን፣ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ የቆሰበር (የእንጅባራ) ልጅ አዲስ ሾትገን ገዝቶ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ በቆሎ ማሳ ዳር ወጣ። የሚታደነው ፌዛንት የሚባል፣ የቆቅ ዘመድ የሆነ ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ነው። የመጀመሪያው ጥይት በደንብ ተተኮሰ። ሁለተኛው አልጎረሰም፤ የተተኮሰው ቀለህ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ቀረ። ነቅሎ አወጣው፣ እንደገና አጎረሰ፣ ተኮሰ፣ እንደገና ተቀረቀረ። እስኪመሽ እንዲያ ሆነ። ጓደኞቹ ወፍ ይዘው ሲገቡ እሱ ባዶ እጁን ገባ።

በማግሥቱ ጠመንጃውን በሣጥኑ አድርጎ፣ ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነበር። ጠመንጃውን ግን አልነካውም። ጣቱን ደረሰኙ ግርጌ ላይ አሳርፎ የታተመውን አሳየው፤ የጦር መሣሪያ ከተሸጠ አይመለስም፣ ብልሽት ካለ ጉዳዩ ከፋብሪካው ጋር ነው ይላል። ከዚያም መከረው። አዲስ መሣሪያ መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል፣ የፋብሪካውን ግራሶ ጥረግለት፣ ከበድ ያለ ጥይት ተኩስበት፣ ይላላል አለው።

ሰውየውን ያስደነገጠው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። አገር ቤት በሄደ ቁጥር ለእህቱና ለአጎቱ ሲያወራ የኖረው ስለ አሜሪካ ሱቅ ነው። ጫማ ገዝተህ፣ ተጫምተኸው፣ አልመቸኝም ብለህ ብትመልሰው ገንዘብህን ይሰጡሃል፤ የቡና ማሽን ቢበላሽብህ ሌላ ያነሡልሃል፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርብህም። ይህን ሁሉ ብሏል። ቆሰበር ላይ በየሱቁ ግድግዳ የተለጠፈውን፣ በየደረሰኙ ግርጌ የታተመውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ሲነቅፈው ኖሯል። አሁን ያው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ፊቱ ተዘርግቷል።

ማታ አጎቱ ዘንድ ደወለ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል ስለ ጠመንጃ በስልክ ማውራት የሚመከር ነገር አይደለም፤ ስለዚህ «አንድ አዲስ ዕቃ ገዝቼ ተበላሸብኝ» ብቻ አለ። ሽማግሌው ነገሩ የገባቸው ይመስላል።

«ልጄ፣ ፈረስ ብትገዛ ሳትጋልበው ትከፍላለህ?» አሉት።

«የለም ጋሼ።»

«ታዲያ ሳትሞክረው ነው ገንዘቡን ያወጣኸው? የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሄደሃል? ዋስስ ተቀብለሃል?»

«እዚህ እንዲያ አይደረግም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ምኑን አምነህ ገዛኸው?»

ይህን ጥያቄ አዊ ውስጥ ያደገ ሰው በቀላሉ አያልፈውም። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ የኖረ ነው፤ ፈረስ እዚያ አገር የዓድዋ መታሰቢያ፣ የሠርግና የልቅሶ ሞገስ ነው። ግዥውም እንደዚያው ጥንቃቄ አለው። ጥርሱ ታይቶ ዕድሜው ይለያል። ሰኮናው ይነሣል፣ ወገቡ ይዳሰሳል። ከዚያ ዳገት ላይ ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ሰው መሐል ገብቶ እንዳይደነብር ይታያል። ፈረሱን የሚያውቅ ጎረቤት ካለ ይጠየቃል። ዋጋው የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሲቆረጥም ዋስ ይቆማል። ገዥው ገንዘቡን አውጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሊጠይቀው የሚገባውን ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል።

ጠመንጃም ጎጃም ውስጥ በአያቶች ዘመን ከዚህ የተለየ ወግ አልነበረውም። ውጅግራም ሆነ ምንሽር፣ ገዥው አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ሳያይ፣ ቃታውን ሳይፈትሽ፣ ዒላማ አቁሞ ሳይተኩስ አይከፍልም።

ከላይ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስም እንዲሁ ነበር። በ1879 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1887) ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ሬምቦ ከታጁራ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ውስጥ ዘመናቸው ያለፈ፣ በቀሱላ የሚተኮሱ ነበሩ። ምኒልክ ገና ንጉሥ ሳሉ ነው፤ ሐረርን በያዙ ጊዜ የተሻለ መሣሪያ አግኝተው ተመልሰዋል። እንጦጦ ላይ ዕቃው ቀረበ፣ ታየ፣ ዋጋው ነጋዴው ከጠበቀው እጅግ ዝቅ ተደረገ፣ የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቀነሰበት፣ የተረፈውን ደግሞ ሐረር ሄዶ ከአገረ ገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው። ሬምቦ ኋላ ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ኪሳራውን እያማረረ ዘርዝሯል። የአውሮፓ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የባለቅኔው መከራ አድርገው ይተርኩታል። ከገዥው በኩል ለሚያየው ግን ምኒልክ ያረጀ ዕቃ በአዲስ ዋጋ አልገዙም፤ ይህ ሊከበር የሚገባው ብልኅነት ነው።

ሚኒሶታ ያለው ሰው ግን ሱቅ ውስጥ ሊተኩስ አይችልም። ፎርም ሞላ፣ መታወቂያ አሳየ፣ ስሙ በኮምፒዩተር ወደ ፌዴራሉ የማጣሪያ ሥርዓት ተላከ፣ አለፈ፣ ከፈለ፣ ወጣ። ሱቁ መልሶ የማይቀበልበትም ምክንያት ከዚሁ ይጀምራል። የተሸጠ ጠመንጃ በመዝገብ ወጥቷል። ተመልሶ ቢገባ እንደገና ይመዘገባል፣ «ያገለገለ» ይሆናል፣ ዋጋው ይወድቃል። ነጋዴው ያን ኪሳራ በራሱ ላይ አያመጣም።

ከዚህ የከፋው ነገር ግን ሕጉ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ይህን ሲያነብ እንቅልፍ አጥቶ አድሯል። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንን አቋቁማለች። ይህ ኮሚሽን የዳቦ መጥበሻ፣ የሕፃን አልጋ፣ መጫወቻ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ከገበያ እንዲሰበሰብ ማስገደድ ይችላል። ጠመንጃን ግን አይችልም። ሕጉ ሲጻፍ የጦር መሣሪያና የጥይት ልዩ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ በሙሉ ከኮሚሽኑ ሥልጣን ውጭ ተደረገ። ያ ቀረጥ በረጅም ጠመንጃ ላይ 11 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ከ1937 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ሰውየው ሾትገኑን ሲገዛ ፌዛንቶቹ የሚኖሩበትን ሣር ለመጠበቅ ገንዘብ አዋጥቷል ማለት ነው። በዚያው ቀረጥ ሰበብ ግን ጠመንጃው ቢበላሽ «ሰብስቡት» የሚል የመንግሥት ባለሥልጣን የለውም።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ሬሚንግተን 700 ያሳያል። ሬሚንግተን ለኢትዮጵያ እንግዳ ስም አይደለም፤ አያቶቻችን ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር የማረኩት እሱን ነበር። ሞዴል 700 በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣ የአደን ጠመንጃ ሲሆን፣ ቃታው ሳይሳብ ይተኩሳል የሚል አቤቱታ ለአሥርተ ዓመታት ተከትሎታል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሞንታና ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱ ጥይት ለማውጣት መጠበቂያውን ስታላቅቅ በባረቀ ጥይት ሞተ። አባቱ ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ የኩባንያውን ሰነድ ሲያስሱ ኖሩ። ኩባንያው ጉድለት አለበት የሚለውን አላመነም። በፍርድ ቤት ክርክር ግን ወደ 7.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጠመንጃዎችን የሚመለከት ስምምነት ተደረሰና በ2017 ጸደቀ፤ ባለቤቶቹ ካመለከቱ ቃታው በነፃ እንዲቀየርላቸው ሆነ። በ2018 ኩባንያው ከሠረ፤ በ2020 እንደገና ከሥሮ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ፋብሪካውን ብቻ አምኖ የተሰጠ ዋስትና ፋብሪካው ሲወድቅ ማን ዘንድ ይሄዳል?

እንግሊዝ የሚኖሩ ወዳጆቹ በዚህ ይለያሉ። እዚያ አፈሙዙ እንደ በርሚንግሃሙና እንደ ለንደኑ ባለ በሕግ በታወቀ የፍተሻ ቤት በከባድ ባሩድ ተፈትኖ ማኅተም ካልተመታበት በቀር ጠመንጃ መሸጥ ክልክል ነው፤ የበርሚንግሃሙ ቤት በ1813 እ.ኤ.አ. ሕግ የቆመ ነው። የ2015 እ.ኤ.አ. የሸማቾች ሕጋቸው ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ ለሻጩ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበልን ይፈቅዳል። ተፈትኖ ይሸጣል፣ ከተበላሸም ይመለሳል። ከአጎቱ ሥርዓት ጋር የሚቀርበው ይህ ነው።

ሾትገኑ በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ተላከ። ሕጉ እዚህ ላይ ሰውየውን አላስቸገረውም፤ ባለቤቱ ረጅም ጠመንጃን ለጥገና በቀጥታ ለፋብሪካው መላክ ይችላል፣ ፋብሪካውም አድሶ በቀጥታ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ሳምንታት አለፉ። ሲመለስ «ተፈትሿል፣ ይሠራል» የሚል ወረቀት አብሮት ነበር። ሜዳ ላይ ወጣ፣ ያው ቀለህ ያው ቦታ ተቀረቀረ። ስልክ ሲደውል ሙዚቃ ያሰሙታል፣ ያነሣው ሰው ሌላ ሰው ዘንድ ይመራዋል፣ ያም ቁጥር ሰጥቶት ይሰናበተዋል። በዚያ ሰሞን አገር ቤት ደውሎ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ «ቆሰበር ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አንድ ባለሙያ ፈትቶ ያስተካክለው ነበር» ይል ነበር። ናፍቆት አለበት፤ ዘንገና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ያደገ ሰው በሚኒሶታ ብርድ ስልክ ይዞ ሲጠብቅ ያለፈው ሁሉ ይጣፍጠዋል።

ሁለተኛው ጥገና ግን ተሳካ። ቀለሁን የሚጎትተው ትንሽ ብረት ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጠማማ ነበር፤ ቀየሩት፣ አንድ ሳንቲም አላስከፈሉትም፣ የመላኪያውንም ራሳቸው ቻሉ። ማንንም አልለመነም፣ ዘመድ አልፈለገም፣ የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ጠመንጃው አሁን ይተኩሳል። ስለዚህ ያን ሁሉ ቁጣውን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባው።

የበለጠ ግራ ያጋባው ከቆሰበር የመጣው ወሬ ነው። እህቱ ለምግብ ቤቷ አዲስ ፍሪጅ ገዝታ ነበር። በሳምንቱ ማቀዝቀዝ አቆመ። ነጋዴው «መብራቱ ነው ያቃጠለው፣ ስታብላይዘር አድርገሽለታል ወይ?» ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳያት። ዕቃውን ሱቁ ውስጥ ሰክተው አይተውታል፣ መብራቱ በርቷል፣ ሞተሩ ጮኋል። አንድ ፍሪጅ ሊቀዘቅዝ አለመቻሉ በዚያች ደቂቃ አይታይም። የአጎቱ ሥርዓት እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ፈረስ ዳገት ወጥቶ ይፈተናል፣ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ ሞተር ግን ጉድለቱን ሰንብቶ ነው የሚያወጣው።

በዚህ ጊዜ ወንድሟ ሕግ ማንበብ ጀመረ፤ ያገኘው ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ሱቅ የተሻለ ሕግ እንዳላት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከዚህ የሚቃረን ውል ቢኖርም እንኳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዥው ዕቃውን መርምሮ ሳይዘገይ ካስታወቀ እስከ አንድ ዓመት ድረስ መክሰስ ይችላል። እንግዲህ ብልሽት ላለበት ዕቃ «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ሕጋዊ ዋጋ የለውም። በየሱቁ ተለጥፎ ያለው ዋጋ የሌለው ወረቀት ነው፤ ይህን እያንዳንዱ ገዥ ሊያውቀው ይገባል።

ችግሩ ደረሰኙ ነው። ነጋዴው ሲሸጥ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ያለ ደረሰኝ ይረክሳል። እሷም እንደ ብዙ ሰው የረከሰውን መረጠች። አሁን መቼና በስንት እንደገዛች የሚናገር ወረቀት የላትም፣ ምስክር ግን አላት።

ወንድሟ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፣ አቤት በይ፣ ምስክር ጥሪ አላት። እሷ ከነጋዴው ጋር አንድ ዕድር ያሉ ጎረቤት አዛውንት ይዛ ሄደች። ቡና ተጠጣ፣ ቃል ተለዋወጡ፣ ነጋዴው ፍሪጁን ባሕር ዳር ልኮ ሊያስጠግን፣ ወጪውን ግማሽ በግማሽ ሊካፈሉ ተስማሙ። ፍሪጁ ተጠግኖ መጣ፤ ይሠራል።

ግማሹን መክፈል አልነበረባትም። ይህን ወንድሟ ደጋግሞ ነግሯታል፣ እውነቱም ከእሱ ጋር ነው፤ አዋጁ ሙሉውን ይሰጣታል። እሷ ግን «ወንድምዓለም፣ አንተ ያን ጠመንጃ የሸጠልህን ልጅ ነገ መንገድ ላይ አታገኘውም። እኔ ይህን ሰውዬ በየእሑዱ አገኘዋለሁ፣ ልጁም ከልጄ ጋር ነው የሚማር» ትለዋለች። ዘመድና ዕድር የሌለው፣ ትናንት ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ቢሆንስ፣ ማንን ይዞ ይሄዳል ብሎ ጠየቃት። ለዚህ መልስ አልሰጠችውም። ቀጣዩን ዕቃ በደረሰኝ እንድትገዛ ብቻ ተስማምተዋል፤ ስለ ግማሹ ገንዘብ ግን እስካሁን ይከራከራሉ።