የዕለቱ ሂሳብና የጓሮዬ ጤና አዳም

የባንክ ሠራተኛ ቀኑን የሚጨርሰው በመቁጠር ነው። ደንበኛው ወጥቶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ መስኮት ላይ የዋልን ሁሉ በእጃችን ያለውን ጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ከሚለው ጋር እናስተያያለን። አንድ ብር ብትጎድል ጉድለት ናት፤ አንድ ብር ብትተርፍም ታስጠይቃለች። ትርፍ ነገር እንደ ጥፋት የሚቆጠረው በባንክና በግጥም ቤት ብቻ ይመስለኛል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ ግጥም አይደለም። ስለ ጓሮዬ፣ ስለ መሥሪያ ቤቴና ስለ እድራችን ነው። ሦስቱን ምን አገናኛቸው ለምትሉኝ፣ ሁለቱ መዝገብ አላቸው፤ ጓሮው ግን የለውም። ነገሬም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጓሮዬ ብዬ አፌን ሞልቼ ልናገር እንጂ ቁመቱ ስድስት፣ ወርዱ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ባለቤቱም እኔ አይደለሁም። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት አንዱ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፣ ቀበሌውም ወረዳ ተባለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደነገገ። በዚህ የሁሉም በሆነ መሬት ላይ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴና በሶብላ አለን። አንድ የኮክ ዛፍም አለ። እሱን የተከሉት አባቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ፖለቲካ ለእኔ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ ሰው ነገ ስለመክረሙ እርግጠኛ ባልሆነበት መሬት ላይ ምን ይተክላል? በሁለት ወር የሚደርስ ጎመን ወይስ ዓመታት የሚያስጠብቅ ዛፍ? አባቴ ሁለቱንም ተከሉ።

የጓሮው ምርት ገበያ አይወጣም። ጤና አዳሙን ከእኛ ይልቅ ጎረቤት ይጠቀምበታል። ቡና የተፈላ እንደሆነ አንድ ሕፃን በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ይልና «እማማ ጤና አዳም ላኩልኝ ብለዋል» ይላል። ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ ፍለጋ ይመጣል። በርበሬ የሚያዘጋጁ እናቶች በሶብላውን አብቦ ሳያልቅ ይቀጥፉታል። በምላሹ ለበዓል ዳቦ ኮባው ከላይኛው ግቢ፣ ለጠላችን ጌሾው ከታችኛው ግቢ ይመጣልን ነበር። እናቴ ማን ምን እንደወሰደና ማን ምን እንደመለሰ ጽፋ አታውቅም። ቢሆንም ሒሳቡ ተዛብቶ ሰው ሲቀየም አላየሁም።

የሥራ ባህላችን በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ሰዓት አለማክበራችን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ተቀማጭ ገንዘብ ማሰባሰብ ዛሬ የገንዘብ ያዡም፣ የጸሐፊውም፣ የሁላችንም ሥራ ሆኗል። «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ሂሳብ አስከፈትህ?» እንባላለን። እንዲህ ሲሆን አጎትም፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛም ቀስ በቀስ የሂሳብ ቁጥር መምሰል ይጀምራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ የዕለቱን ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛ በዝቷል። አልፈርድበትም፤ የኑሮ ጉዳይ ነው። ደግሞም መሥሪያ ቤት እንዲህ ብቻ አይደለም። አንዲት ባልደረባችን እናቷን ያጣች ዕለት፣ ኮታችንን የሚቆጥረው ያው አለቃችን የመዋጮ ወረቀት ይዞ በየጠረጴዛው ዞሯል። ከቀብር መልስም ከሁላችን በኋላ ከድንኳኑ የወጣው እሱ ነው።

ወደ እድራችን ልመለስ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የመረጡኝም የባንክ ሰው በመሆኔ ነው። መዝገባችን የአባላትን ስም፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የቀሪ ቅጣት ይይዛል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ብረት ድስቶቹ፣ ብርጭቆዎቹ በየጊዜው ተቆጥረው ይወጣሉ፤ ተቆጥረው ይገባሉ። ባለ ፎቁም በጉሊት የምትተዳደረውም እኩል ይከፍላሉ፤ ሲሞቱም ያው አንድ ድንኳን ይተከልላቸዋል። ይህን ዓይነት እኩልነት በየትኛውም የፖለቲካ ፕሮግራም ውስጥ አላገኘሁም። መዝገቡ የማይዘው ግን ይበዛል። ከሐዘንተኛ ጋር አብሮ ማደር፣ እህል አልወርድ ያለውን ሰው ለምኖ ማጉረስ፣ ከሠልስት በኋላም በደጁ እያለፉ «እንዴት አደርክ?» ማለት በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ይህ ጥያቄ ሥራ ፈት የገጣሚ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር፤ ሰፈራችን እስኪከፈል ድረስ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ብዙ ነባር ነዋሪ ተነሣ። የእኛም የታችኛው ሰፈር ሰዎች ተነሡ። ለእውነት እናውራ ከተባለ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ በሰፊው የእግረኛ መንገድ መሄድ ደስ ይለኛል። ከተነሡትም መካከል ዕድሜ ልካቸውን በጋራ መጸዳጃ ቤት ሲቸገሩ ኖረው አሁን የራሳቸውን ያገኙ አሉ። ጌሾ ይልኩልን የነበሩት እናት ከነዚህ አንዷ ናቸው። አዲሱን ቤታቸውን ልጠይቅ ብሄድ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አሳዩኝና፣ «ተመስገን ነው ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው። ቡና ባፈላ ግን ማንን ልጥራ?» አሉኝ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለቤትና ለተክል ከሚከፈለው ሌላ፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ እንደሚከፈል ይላል። ለማን ምን ያህል ይገባዋል የሚለውን ለሕግ ባለሙያዎች እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሕጉ የ«ማንን ልጥራ?»ን ጉዳት አይቶ ስም ማውጣቱ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕግ አውጪ አየው ማለት ነው። ነገር ግን ብሩ ተቆጥሮ በመስኮቴ ቢከፈል እንኳ፣ የተቋረጠው ትስስር በክፍያው አይቀጠልም። ያን ዕለት በአንድ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጫርኩ፦

ቤቱን ለክተው ጻፉ፣ ቆጥረው ጻፉ ዛፉን፤
ማን ቆጥሮ ይጽፈዋል የሰው ደጅ ማለፉን?
ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ መዝገቡን ዘጋሁት፤
«ኑ ቡና ጠጡ»ን ግን በየት አስገባሁት?

መልሱን ያገኘሁት ከግጥሙ ሳይሆን ከእድሩ ስብሰባ ነው። በደንባችን መሠረት ከሰፈር የለቀቀ ሰው ከአባልነትም ይለቃል። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበና ግማሹ «ድንኳን ተሸክመን ከተማ ልናቋርጥ ነው ወይ?» አለ፤ ግማሹ ደግሞ «አባቶቻችንን አብረውን የቀበሩ ሰዎች በየት አገር ልማድ ይሰረዛሉ?» ሲል ተቆጣ። እኔ በሙያዬ ተጠይቄ የመኪናውን ኪራይ አሰላሁና፣ በዚህ አያያዝ ተቀማጫችን ብዙ እንደማይቆይ ተናገርኩ። ዳኛችን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ቁጥርህ ልክ ነው። ያለቀ ዕለት ደግሞ እናዋጣለን» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ደንቡም ተሻሻለ። የተነሡት አባል ሆነው ቀሩ፤ የጥሩምባው ድምፅ ለማይደርሳቸው ስልክ ይደወላል፤ የስልክ ዝርዝሩን የምይዘውም እኔ ነኝ።

ስብሰባችን በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው ይመጣሉ። ሁሉም አይመጡም፤ አንዳንዶቹ መዋጮውን በስልክ ይልካሉ፤ ከእነሱ ጋር የነበረው ነገር እየሳሳ እንደሄደ ይታወቀኛል። ለሚመጡት እናቴ ከጤና አዳሙ እየቆረጠች በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ትተክልላቸዋለች፤ ለበረንዳ ይበቃል። እኛ እንነሣ አንነሣ እስካሁን የነገረን የለም። የኮኩ ዛፍ ተነቅሎ እንደማይሄድ ግን እናውቃለን። ዘንድሮም አብቧል፤ ፍሬው ሲደርስ የታችኞቹን ድርሻ በዘንቢል ለይተን እሑድን እንጠብቃለን።

የእናንተስ ሰፈር እንዴት ነው? ቸር ሰንብቱ።