ፍሬኑ በልጄ እጅ

በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲጠባበቅ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ “በብስክሌት ባሕር ዳር ልሄድ ነው” አለን። “ልሂድ ወይ?” አላለም። ቆጣ ስል፣ መደቡ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ጣልቃ ገባች። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ግን ካላቦካ መቼ ይለምዳል? ከፈራህለት አብረኸው ሂድ” አለችኝ። ነገሩ እንዲቀር ብዬ “እንዲያውም አብሬው እሄዳለሁ” አልኩ። ይተወዋል ያልኩት ልጅ ግን ደስ አለው።

የጎረቤላ ልጅ መንገድ ቢያምረው አይገርምም። ከበላያችን የአንኮበር ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ አለ። ከበታቻችን አልዩ አምባ አለ፤ ድሮ ሲራራ ነጋዴው ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ የሚደርስበት ገበያ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ያሰበው ያንን የባሕር መንገድ ነበር። እኛ በረሃውን ፈርተን ተራራውን መረጥን፤ ባሕሩንም ደሴቱንም ጣና ላይ እናገኘዋለን አልን።

እኔ ብስክሌት ከነዳሁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያገለገሉ ሁለት ባለማርሽ ብስክሌቶች ገዝተን ጥቂት ሳምንት ተለማመድን። ልጄ መንፊያ፣ መለጠፊያ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ የፍሬን ጎማና መብራት አዘጋጀ። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን። የሱቃችንን ቁልፍ ለባለቤቴ ትቼ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ተነሳን። አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከፊት የሄደ ሰው የሚቀጥለው ከተማ መግቢያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ቀን ደብረ ብርሃን ድረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ አብዛኛውን ዳገት ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁት። በማግስቱ ጣርማ በር ደረስን። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ባሠሩት ዋሻ ውስጥ ልጄ መብራቱን አብርቶ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከኋላችን የጭነት መኪና ሲመጣ ድምፁ ተራራው የተናደ ይመስላል። እኔ “ቀስ በል! ጥግህን ያዝ!” እያልኩ እስክንወጣ ጮህኩ።

ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። እኔ ሁለቱንም ፍሬኖች ጨምድጄ ይዤ ወረድኩ። ልጄ ግን ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ያዝ፣ ካለፈው በኋላ ለቀቅ እያደረገ ከዓይኔ ተሰወረ።

ደብረ ሲና መግቢያ ላይ የለም። ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች ጠየቅኩ፤ አላዩትም። ያን ጊዜ በልቤ ያለፈውን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማውን አቋርጬ ስወርድ፣ በስተመጨረሻ አንድ ጎሚስታ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጎማው ተንፍሶበት ነበር። ስለ ጎማው አልጠየቅኩትም። ሰው እየሰማ “ከእንግዲህ ከኋላዬ ነው የምትነዳው!” ብዬ ጮህኩበት። ምንም አልመለሰልኝም። ብስክሌቱን አንስቶ ከኋላዬ ተሰለፈ።

ከደብረ ሲና ብዙ ሳንርቅ ከኋላዬ “አባዬ፣ ቁም!” ሲል ሰማሁ። ለመቆም ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ አልያዘም። ደግሜ ጨበጥኩ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ብቻ ተሰማኝ። መንገዱ ዳር ወዳለው የአፈር ቁልል ጠምዝዤ ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም። ከኋላችን መኪና ቢኖር ኖሮ ግን ይህንን ዛሬ አልጽፍም ነበር።

ልጄ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ እኔን ነካክቶ አየኝ፤ ቀጥሎ ቸርኬውን ሊነካ ሲል ሙቀቱ እጁን አስመለሰው። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ አዲሱን እያሰረ “አባዬ፣ ፍሬን ሁልጊዜ ከያዝከው ስትፈልገው አታገኘውም” አለኝ።

እሱ የተናገረው ስለ ብስክሌቱ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ሸዋ ሮቢት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለ18 ዓመት ያለማቋረጥ “ቀስ በል” ያልኩት ልጅ፣ በዋሻው ውስጥ ቃሌን ከመኪናው ጩኸት ለይቶ የሚሰማበት ምክንያት አልነበረውም።

ጠዋት ቁርስ ላይ “ትናንት ሰው ፊት የተናገርኩህ ልክ አልነበረም። ዛሬ ከፊት ሁን” አልኩት። ትንሽ አሰብ አድርጎ “ሕጉ ግን ይስተካከል። ከመድረሴ በፊት የሚያቆመኝ ነገር ከገጠመኝ እደውላለሁ” አለኝ። ተስማማን።

ከዚያ ወዲያ ጉዞው ሌላ ሆነ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ባለው ዳገት፣ ከፊት መሆን የሚችለው ልጅ በራሱ ፈቃድ ከኋላዬ ሆኖ በእኔ እርምጃ ወጣ። ሐይቅ ላይ ሁለት ቀን አርፈን እስጢፋኖስ ገዳምን ተሳለምን። ከወልድያ ወደ ጋሸና ያለውን ተራራ ብዙውን በእግር ወጣነው፤ ንፋስ መውጫም እንደ ስሙ ሆኖ ተቀበለን። ከደብረ ታቦር ወርደን የፎገራን የሩዝ ማሳ ስናይ መንገዱ ሜዳ ሆነልን። ወደ 800 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ባሕር ዳር ስንገባ ማንም ዞሮ አላየንም፤ እዚያ ብስክሌት የሁሉም ነው።

ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ስንሻገር ጀልባዋ መናወጥ ጀመረች። ዋና አልችልም። ሳላስበው ነጂውን “ቀስ በል!” አልኩት። ልጄ እስኪያነባ ሳቀ፤ እየሳቀም እጄን ያዘኝ፤ ደሴቱ እስክንደርስ አልለቀቀኝም።

ብስክሌቶቻችንን አውቶቡስ ላይ ጭነን በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ተመለስን። ልጁን ለረጅም ቁልቁለት የምትልኩ ወላጆች፣ ከልመና ይልቅ ይህንን አስተምሩት፦ ፍሬኑን ከጠመዝማዛው በፊት ይያዝ፣ ሁለቱንም በእኩል ይጠቀም፣ መሐል ላይ ቆሞ ያቀዝቅዘው፣ ትርፍ የፍሬን ጎማና መብራት ይያዝ። ጨምድዶ መያዝ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ መጣ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሸኘሁት። የምመክረውን አስቤ ነበር፤ “ሕጉን ታስታውሳለህ?” ብቻ አልኩት። “አስታውሳለሁ” አለኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። “አባዬ፣ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆመናል። ሌላ እየመጣ ነው” አለኝ። እናቴ ከመደቡ ላይ “ምን ሆነ?” ስትለኝ፣ “ምንም። ገና አልደረሰም” አልኳት፤ ቀርቤም አጠገቧ ተቀመጥኩ።