የእማዬ በር

ባለፈው ክረምት እማዬ መኝታ ቤቷ ውስጥ ተዘግቶባት ቀረች። ቁልፍ አልጠፋም፣ የቆለፈባትም የለም። ክቡን የበር እጀታ ማዞር አቅቷት ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ከያዛት ቆይቷል፤ እኛ ልጆቿ ልብ ያልነው ግን ያን ቀን በሩን ስትደበድብ ነው።

አናጢ ጠራሁ። በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ አየውና «እማማ፣ በሩስ ደህና ነው፤ ለእርስዎ የማይሆነው እጀታው ነው» አላት። ክቡን ፈትቶ፣ ወደ ታች የሚጫኑትን ረጅሙን ዓይነት ገጠመላት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። እኔ ግን አፈርኩ፤ መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበራ!

ስድስቱን ቀላል ማሽኖች ለፈተና ሸምድደናል፦ ሌቨር፣ ጎማና አክስል፣ ፑሊ፣ ተዳፋት፣ ሽብልቅ፣ ብሎን። መጽሐፉ ላይ የነበረው ሥዕል የእጅ ጋሪና የውኃ ጉድጓድ ነው። መምህራችን በየቀኑ ገፍተው የሚገቡበትን በር ግን አንድም ቀን አላሳዩንም። ከፑሊ በቀር ሁሉም እዚያው ነበሩ።

ክቡ እጀታ ጎማና አክስል ነው። ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ያቺን ታህል ርቀት ይዘን ነው የምናዞረው። በረጅሙ እጀታ ላይ ግን እጃችን ከመዞሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያርፋል። ርቀቱ አራት እጥፍ ስለሆነ የጉልበቱ ሩብ ይበቃል። ለእማዬ ከዚህም የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው፤ ክቡ እንዳያንሸራትት አጥብቆ መጨበጥ ይፈልጋል፣ ረጅሙን መዳፍ ጣል ማድረግ ይበቃዋል። ነፃ ነገር ግን የለም፤ እጅ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ማሽን ተፈጥሮን እንደማያታልል ጋሊሊዮ በ1600 ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጽፎት ነበር።

አናጢው ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ምላስ የምትመስለዋ የመዝጊያው ብረት ለምን በአንድ ጎኗ ሰያፍ እንደሆነች ያኔ ገባኝ፤ ሽብልቅ ናት። በሩን ስንገፋው ሰያፉ ከመቃኑ ብረት ጋር ይጋጭና ምላሷ ራሷ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ስፕሪንጉ ይመልሳታል። የቁልፍ ጥርሶችም ትናንሽ ተዳፋቶች ናቸው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያሉትን ፒኖች ሽቅብ እየገፉ በልካቸው ያቆሟቸዋል።

የላይኛው ማጠፊያም ላልቶ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚላላው የላይኛው ነው፤ የበሩ ክብደት እሱን ከመቃኑ ሲነቅል የታችኛውን ወደ መቃኑ ይጫነዋል። አናጢው የሰፋውን የብሎን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ሞላና ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀው። ያ የሁላችንም ቤት ጥበብ ነው። ብሎን ማለት ብረት ላይ የተጠመጠመ ተዳፋት ነው፤ የሚነክሰው እንጨት ካጣ ግን ዋጋ የለውም።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። በር ትልቅ ሌቨር ነው። ከማጠፊያው 75 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለውን እጀታ በ3 ኪሎ ግፊት ብትገፉት፣ ከማጠፊያው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ የገባች ጣት ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ያርፍባታል። በልጅነታችን እማዬ «ከበሩ ሥር ጣትህን አውጣ!» ብላ የምትጮኸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ብርድ ልብሷን በሁለት እጇ አቅፋ በሩን በክርኗ ትከፍተዋለች። ክብ እጀታ ያለበት ቤት ውስጥ አዛውንት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ በሩን ሲከፍቱ እጃቸውን እዩት።