የቆላ መስኮት ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻል?
ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ

ለቤታችን የመጋረጃ ጨርቅ ስንመርጥ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንመለከተው ቀለሙንና አበባውን ነው። በደጋ ይህ ልማድ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ወደ ቆላ ሲወረድ ግን መጋረጃ ከጌጥነቱ ይልቅ እንደ ጣሪያና እንደ ግድግዳ መጠለያ መሆኑ ጎልቶ ይታያል። ይህን ለመረዳት ከአዋሽ ተነሥቶ በሰመራ በኩል እስከ ዲቾቶ የሚዘልቀውን መንገድ መጓዝና የቤቶቹን መስኮት ልብ ብሎ መመልከት ይበቃል።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር አይሞላም። ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ለረጅም ዘመን መንገደኞች ምሳቸውን በልተው የሚያርፉባት ከተማ ነበረች። ለእነዚሁ መንገደኞች የተሠራው አሮጌ ቡፌ ጥላ ያለው በረንዳ አለው። በረንዳው ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ሳትገባ ውጭ እንድትቀር ለማድረግ ነው። በመንገዳችን ላይ ያገኘነው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነበር።

ከአዋሽ በኋላ መንገዱ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ ሎጊያ፣ ቀጥሎም ሰመራ ይደርሳል። ከአይሳኢታ የክልል ዋና ከተማነትን የተረከበችው ሰመራ ከፍታዋ ከ400 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከተማዋ አዲስ እንደመሆኗ ቤቶቿም አዳዲስ ናቸው፤ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፋፊ የመስታወት መስኮት አላቸው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ከደጋ የመጣ ወፍራም ከፈይ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ያነጋገርናት መምህርት ከደጋ ተዛውራ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ጥቁር ቀይ ከፈይ መጋረጃ ያሰፋችው ከደመወዟ ቆጥባ ነው። የስምንት ወር ልጇ ግን ቀን ቀን እንቅልፍ አልወስደው ብሎ ይነጫነጫል። «ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ፀሐይ አይገባም፤ ታዲያ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?» ስትል ጠየቀችን። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን በእጃችን ስንነካው ከምጣድ አጠገብ የዋለ ይመስል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ጥቁር ወይም ደማቅ ጨርቅ ብርሃኑን ውጦ ይግላል፤ የጋለውም ጨርቅ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይረጫል። መስታወቱ ብርሃንን በቀላሉ ቢያስገባም ይህን ሙቀት በቀላሉ አያስወጣም። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጨርቅ ግን ብዙውን ብርሃን በመጣበት በመስታወቱ በኩል ይመልሰዋል። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ሁሉ ቀዝቃዛ ክፍል አይደለም።

ከሰመራ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ዲቾቶ የጭነት መኪናዎች ወደ ጅቡቲና ከጅቡቲ የሚመላለሱባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አሸዋ የቀላቀለ ነፋስ፣ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ሌሊት ደግሞ የመኪና መብራት በየመስኮቱ ይገባል። በዚሁ አካባቢ ግን መስታወትም ከፈይም የማያውቅ፣ ሙቀትን መቋቋም የሚችል ቤት አለ። ይኸውም የአፋር እናቶች በእጃቸው የሚሠሩት፣ ለጉዞ ሲነሡ አፍርሰው በግመል የሚጭኑት ቤት ነው። አጥንቱ የታጠፈ እንጨት ሲሆን፣ ልብሱ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሰሌን ነው።

በሻይ ቤቷ እመቤት አስተርጓሚነት ያነጋገርናቸው አንዲት እናት የቤታቸውን ጎን ሰሌን ከፍ አድርገው አሳዩን። ነፋሱ ከታች ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። «ቤት እንደ ሰው ነው፤ አፉን ከዘጋችሁት ይታፈናል» አሉን። ሰሌኑ ፀሐይን ውጭ ያስቀራል፤ በሽመናው ቀዳዳ ግን አየር ያሳልፋል። ለቆላ መስኮት የሚመረጥ ጨርቅም ከዚህ ሌላ ሚዛን ሊኖረው አይገባም።

ለዚህ አካባቢ እንመርጠው ብንባል የምንመርጠው መጋረጃ «የሮማን መጋረጃ» የሚባለውን ነው። ገመዱ ሲሳብ እየተጣጠፈ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ነጠላ ጨርቅ ነው። ቀን ወርዶ ፀሐይን ይከላከላል፤ ማታ ተጠቅልሎ ሲወጣ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ለነፋስ ይለቅቃል፤ ወለል ላይ ተጎትቶም አቧራ አይሰበስብም። በጨርቅ በኩልም ይቆጥባል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ለሆነ መስኮት የተሸበሸበ መጋረጃ የመስኮቱን ስፋት እጥፍ ስለሚፈልግ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ጨርቅ 3 ሜትር ያህል ይፈጃል። የሮማኑ ግን ቅምቅማቱ ተጨምሮ በ1 ሜትር ከ45 ያልቃል።

የጨርቁን ነገር በተመለከተ ጥጥ ተቀዳሚ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ራሱ ለብዙ ዓመታት የጥጥ አገር ሆኖ ኖሯል። የተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ አብዛኛው መሬት ወደ ሸንኮራ አገዳ ዞሯል። በወረርም የጥጥ ምርምር ሲካሄድ ኖሯል። ተራው አቡጀዲ ርካሽና ነጣ ያለ በመሆኑ ለገበርነት ተስማሚ ነው። ናይሎን ግን በፀሐይ ብዛት ጥንካሬውን አጥቶ ይቀደዳል። ፖሊስተር ከናይሎን ይልቅ ፀሐይን ይችላል፤ ጠበቅ ብሎ ከተሠራ ግን አየር አያሳልፍም። ከጀርባው የጎማ ቅብ ያለው ብርሃን ከልካይ ጨርቅ በሙቀት ብዛት ቅቡ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣበቅ ስለሚችል አይመከርም።

ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲመረጥ እነዚህን ፈተናዎች ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ጨርቁን አፍ ላይ ጠጋ አድርጎ መንፋት ነው፤ ትንፋሹ ካላለፈ ነፋሱም አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ጨርቁን ከብርሃን አንጻር ይዞ እጅን ከኋላ ማድረግ ነው፤ ጣቶች ተለይተው የሚቆጠሩ ከሆነ ለብቻው የምዕራብን ፀሐይ አይችልም፤ ገበር ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ሲሆን፣ ናይሎንና ፖሊስተር ቀልጠው ጠጣር ፍሬ ይሠራሉ።

አሰፋፉንም በአጭሩ እንግለጽ። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት ውኃ ውስጥ አሳድሮ ማድረቅ ያሻል። ነጩ ገበር ወደ መስታወቱ፣ ቀለም ያለው ወደ ክፍሉ እንዲሆን ይሰፋል። ዘንጎቹ ከቀርከሃ ቢሆኑ ቀላል ናቸው፤ ለእጥበት እንዲወጡም በተሰፋ ሽንቁር ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። ጨርቁ ከመስታወቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ከታችም የአንድ ስንዝር ክፍተት ይተው። ለወባ ትንኝ መስኮቱ ላይ ወንፊት ማድረግ እንጂ በመጋረጃው መተማመን አይገባም።

የሁሉም መስኮት ፀሐይ አንድ አይደለም። በምዕራብ በኩል ላለው መስኮት ባለገበሩ፣ ነፋስ ለሚመጣበት መስኮት ሳሳ ያለው ነጠላ ጥጥ ይመረጣል። ሰመራና ዲቾቶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትመጣው ከሰሜን ነው። በእነዚያ ወራት በቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ መውደቁን ልብ ያለ ይረዳዋል። በመሆኑም የሰሜኑ መስኮት መጋረጃ አያስፈልገውም ማለት ስሕተት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የዚህ መጋረጃ ገመድ ለሕፃናት አደገኛ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ሕፃናት አንገታቸው በገመዱ ተጠምዶ ሕይወታቸው አልፏል። ስለሆነም የሕፃን አልጋ ከመስኮቱ ይራቅ፤ ገመዱም ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ሁልጊዜ ይታሰር።

ለመምህርቷም የነገርናት ይህንኑ ነው። ከፈዩን አትጣለው፤ ለትራስና ለወንበር ልብስ ይሆናታል። በመስኮቱ በውጭ በኩል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከአፋር እናቶች የተገዛ ሰሌን እንደ ጥላ ብትዘረጋ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ነጭ ገበር ያለው የጥጥ መጋረጃ ብታደርግ፣ ፀሐይዋ ሁለት ጊዜ ትመለሳለች፤ ሰሌኑን የሠራችው እናትም የድካሟን ዋጋ ታገኛለች። እንግዳ መጥቶ የሚያደንቀው ጨርቅ ጥሩ ነው፤ ለቆላ ቤት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሕፃን በቀን አርፎ የሚተኛበት ነው።