ጨለማ የሚጠበቅበት ሜዳ

በልማዳችን ጨለማ የሚፈራ እንጂ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ መብራት ነው፤ መንገድ የምታሠራ ከተማም ሥራዋ አማረ የሚባለው በግራና በቀኝ የተተከሉት መብራቶች ሲበሩ ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰዎች ጨለማን እንደ ውድ ንብረት የሚጠብቁበት፣ ነጭ ብርሃንም እንዳይገባበት በደንብ የሚከለክሉበት ሜዳ አለ ቢባል ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚገረም አይጠፋም። ስለዚህ ሜዳና በዚያ ስላሳለፍናት አንዲት ሌሊት፣ እንዲሁም ከእርስዋ ለቤተ ሰብ ስለሚገኘው ትምህርት ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ቦታው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት በስተሰሜን፣ ፖተር በሚባለው አውራጃ የሚገኝ ሲሆን ስሙ ቼሪ ስፕሪንግስ ይባላል። ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከሚበቅለው የቼሪ ዛፍና ከምንጮቹ ነው። መናፈሻው ራሱ 33 ሄክታር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ የመንግሥት ደን ዙሪያውን ከቦታል። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በደጋ ላይ ተቀምጦአል፤ በአቅራቢያው ያሉት ከተሞች ግን ትናንሾች ከመሆናቸውም በላይ በሸለቆ ውስጥ ስላሉ መብራታቸው ወደ ሜዳው አይዘልቅም። በ2000 እ.ኤ.አ. ግዛቱ ስፍራውን የጨለማ ሰማይ መናፈሻ ብሎ ሰየመው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የጨለማ ሰማይ ማኅበር ከዓለም ሁለተኛው እንዲህ ያለ መናፈሻ አድርጎ መዘገበው። ቀድሞ ትናንሽ አውሮፕላኖች ያርፉበት የነበረው ሣራማ ሜዳ ዛሬ የቴሌስኮፕ ሜዳ ሆኖአል።

በዚህ ሜዳ በበጋና በመጸው፣ ጨረቃ ሌሊቱን በማታበራበት ሰሞን፣ ከልዩ ልዩ ከተማ የመጡ ሰዎች ድንኳናቸውን ይተክላሉ። አብዛኞቹ ሥነ ፈለክን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያጠኑ ናቸው እንጂ የሙያው ሊቃውንት አይደሉም፤ መካኒክ፣ ነርስ፣ አስተማሪና ጡረተኛ በአንድነት ይገኙበታል። ልማዱም የቆየ ነው። በቬርሞንት ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ራስል ፖርተር የተባለ ሰው በ1920 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ሠራተኞችን ሰብስቦ የቴሌስኮፕ መስተዋት በእጃቸው ፍቀው መሥራትን አስተማራቸው። እነዚያ ሰዎች በኮረብታ ላይ ቤት ሠርተው በ1926 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ ልማዱ በየግዛቱ ተስፋፋ። ከእነርሱም በኋላ ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ተነሣ። ይህ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የሂንዱ ገዳም 23 ዓመት ከኖረ በኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ ከተጣለ ወፍራም መስተዋት፣ ከካርቶን ቱቦና ከጣውላ ትልቅ ቴሌስኮፕ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራበትን መንገድ ለሕዝብ አስተማረ። ቴሌስኮፑንም በእግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያሳይ ነበር። ዛሬ በቼሪ ስፕሪንግስ ሜዳ ከሚታዩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ በእርሱ ዓይነት የተሠሩ ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል በኋላ በነበረው ዓርብ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩ ጥቂት ቤተ ሰቦች ጋር ወደዚያ ሄድን። መንገዱ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በዚያ ወራት ቅጠሉ ሁሉ ወርቅና ቀይ ቀለም ስለሚለብስ መንገዱ ራሱ ዐይንን ያጠግባል። ዕለቱ የጾም ቀን ስለ ነበረ ስንቃችን ሽሮና ጎመን፣ ቆሎና ዳቦ ነበር። በቴሌስኮፑ ሜዳ እሳት ስለማይነድድ ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙስ መጣ። ድንኳኖቻችንን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተከልን፤ በመኪናው ውስጥ የሚበራውን መብራት ሸፈንን፤ የእጅ ባትሪዎቻችንንም በቀይ ወረቀት አለበስናቸው።

ቀይ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ዐይናችን ከብርሃን ወጥቶ ጨለማውን በሚገባ እስኪለምድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ቢያርፍበት ግን ያ ሁሉ ትዕግሥት በቅጽበት ይጠፋል። ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይህን ችሎታ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ አንድ ሰው በቸልታ የስልኩን መብራት ቢያበራ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ነው። በዚያ ሜዳ የማይተዋወቁ ሰዎች እርስ በርሳቸው ጨለማን ይጠባበቃሉ፤ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ዐይን ዘብ ሆኖ ያድራል። ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነው። ከጎናችን የሰፈሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ከቁመታቸው የሚበልጥ ቴሌስኮፕ ነበራቸው፤ ሳንጠይቃቸው ልጆቻችንን ጠርተው በተራ አሳዩአቸው። ሳተርንን፣ በጥንት መጻሕፍታችን ዙሐል የሚባለውን፣ ከነቀለበቱ ያየች አንዲት ትንሽ ልጅ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈ ሥዕል መስሎአት ዞራ ከፊት በኩል ፈለገችው።

ከእኛ ጋር የመንዝ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኖአቸዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው የልጅ ልጃቸው አማርኛ ይሰማል እንጂ ሲናገር ይቸገራል፤ እርሳቸውም የእርሱን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ በአንድ ቤት እየኖሩ ንግግራቸው “በላህ?” እና “እሺ፣ እማማ” ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር። እናትየው ወደ አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ “የዚህ አገር ሰማይ ባዶ ነው” ይሉ ነበር። ልጁ ግን ሰማይ በከዋክብት ይሞላል የሚሉትን ነገር እንደ ተረት ነበር የሚሰማው። በእርሱ ሊፈረድበት አይገባም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው ከሰሜን አሜሪካ ነዋሪ ከመቶ ሰማንያ የሚሆነው ከሚኖርበት ስፍራ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሰማዩ ፈጽሞ ጨለመ። ፍኖተ ሐሊብ ከደቡብ ምዕራብ ተነሥቶ በአናታችን ላይ አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተዘረጋ። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና ብለው ቆዩ፤ ብዙ ጊዜም አልተናገሩ። ልጁ የከዋክብትን ስም ለማወቅ እንደ ልማዱ ስልኩን ቢያወጣ ማብራት ክልክል መሆኑ ተነገረው። በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው ሌላ ስላልነበረ ወደ አያቱ ዞረ።

“እማማ፣ ያ ምንድን ነው?”

“ያቺ እንደ ጥሬ የተዘራችው? ሰባቱ ከዋክብት ናት፣ ልጄ። እኛ አገር ሌሊቱ ምን ያህል እንደ ሄደ የምናውቀው በእርስዋ ነበር። ሰዓት ማን ነበረው? በል ቁጠራቸው።”

ልጁ ቢቆጥር ስድስት አገኘ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቴሌስኮፕ ሄዶ ሲያይ በብዙ ዐሥር የሚቆጠሩ ሆኑበት፤ ሮጦም መጥቶ “ሰባት አይደሉም!” አላቸው። እርሳቸውም ሥቀው “እኔ በዐይኔ ቆጠርሁ፣ አንተ በመስተዋት ቆጠርህ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም” አሉት። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ንግግር አልተቋረጠም፤ ቃል ሲያጥረው በጣቱ ያሳያል፣ እርሳቸውም ስሙን ይነግሩታል።

ጥቂት ቆይተው ግን ወደ እኔ ዞረው “መምህር፣ ሰማዩ ተዘንብሎአል መሰለኝ” አሉኝ። ያሉት እውነት ነበር። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ተመልካቹ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከራቀበት ዲግሪ ጋር እኩል ነው። በመንዝ ዐሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ ይጋርደዋል፤ በቼሪ ስፕሪንግስ ግን አርባ ሁለት ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰሜኑ ከፍ በማለቱም የደቡቡ ዝቅ ይላል። በአገራችን በሚያዝያና በግንቦት ምሽት በደቡብ አድማስ ላይ በመስቀል ቅርጽ የሚቆሙት ከዋክብት በፔንሲልቬንያ ከቶ አይወጡም። ይህን ባስረዳኋቸው ጊዜ እናትየው “እንግዲህ እነዚያ እዚያው ቀርተዋላ” ብለው ዝም አሉ። ለዚህ ቃል የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ነገር ግን ያን ሌሊት በአናታችን ላይ የነበረው የሰማይ ክፍል ከእኛ ስም ጋር የተያያዘ ነው። የመጸው ሰማይ የንጉሥ ሴፌዎስ፣ የንግሥት ካስዮፕያና የልጃቸው የአንድሮሜዳ ነው፤ የጥንት ግሪኮች ደግሞ ሦስቱን የኢትዮጵያ ነገሥታት ቤተ ሰብ ይሏቸው ነበር። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር በመሆኑ ታሪኩን እንደ ተረት እንጂ እንደ ዜና መዋዕል አንወስደውም። የሆነ ሆኖ ስሙ በሰማይ ጸንቶ ቀርቶአል። በአንድሮሜዳ ወገብ አጠገብ በዐይን ብቻ እንደ ጭጋግ ጠብታ የምትታየው ከእኛ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ሌላ የከዋክብት ዓለም ናት። እርስዋን ለማየት ጥበቡ በቀጥታ አለማፍጠጥ ነው፤ ጥቂት ወደ ጎን ሲመለከቱ ደካማው ብርሃን ይበልጥ ይጎላል።

ከዚህም የበለጠ ልጆቹን ያስደሰተ ነገር ነበረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ አገሮች አንዳንድ ኮከብና በእርስዋ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት እንዲሰይሙ ፈቀደ። ኢትዮጵያ ኮከቧን “ቡና”፣ ፕላኔቷን “አቦል” አለቻቸው። ኮከቧም የምትገኘው በዚያችው በአንድሮሜዳ ክልል ነው! ቡና በዐይን ብቻ አትታይም፤ በባይኖኩላር ግን ትገኛለች። ርቀቷ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሚጠጋ ያን ሌሊት ያየነው ብርሃን ከእርስዋ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። አቦል ግን ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ብትሆንም በማናቸውም የሜዳው ቴሌስኮፕ አትታይም። ወደ እኩለ ሌሊት ኮከቧን አግኝተን በተራ ስናይ፣ እናትየው ፔርሙሱን ከፍተው “አቦሉ ካልታየ እንጠጣው” አሉና ለአሜሪካዊው ሽማግሌ ጭምር ቀዱ።

ሰማይን መመልከት ለእኛ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለውም ክፍል ስለ ፀሐይ መውጫና መግቢያ በሮች፣ ስለ ጨረቃም መሙላትና መጉደል ይናገራል። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የባሕረ ሐሳብ ቁጥርም አበቅቴና መጥቅዕ እያለ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ ያስታርቃል። ዛሬም በእንጦጦ ተራራ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሆኖም የአዲስ አበባ መብራት እየሰፋ በሄደ መጠን ከተማይቱ ከዋክብቷን እያጣች ነው፤ በዋሽንግተን የጠፋው ሰማይ በእኛም ከተሞች ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። በደጅ ያለውን መብራት ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ መሸፈን፣ ማንም በማይሄድበት ሰዓት ማጥፋት፣ ከሚያስፈልገው በላይም አለማብራት ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ በጤዛ ርሶ ነበር። እሑድ ለቅዳሴ ለመድረስ በጊዜ ድንኳናችንን ነቅለን ተመለስን። በመንገድ ላይ ልጁ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በወረቀት ላይ ከዋክብት እየሣለ በፊደል ስማቸውን ያስጽፋቸው ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በውጭ አገር ያላችሁ ከከተማ የራቀ ጨለማ ስፍራ በየግዛቱ ስላለ ጠይቁ፤ በአገር ቤት ያላችሁም ከመስቀል እስከ ገና ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ሳያመልጣችሁ ከከተማው ውጡ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ፤ ወፍራም ጋቢና ቀይ የተሸፈነ ባትሪ ያዙ፤ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። ቴሌስኮፕ ባይኖራችሁም ግድ የለም። አያት ወይም አያቶች ካሉ ግን ሳትወስዷቸው አትሂዱ፤ ልጆቹ የሚጠይቁትም አስቀድመው እነርሱን ይሁን።